በገደል አፋፍ ላይ ያለች አደራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

  

ስለ ሥነ ፍጥረት በተማርንበት ክፍል፣ እግዚአብሔር በዕለተ ሐሙስ ከውኃ የፈጠራቸው ሕያዋን ሦስት ወገን መሆናቸውን አይተን ነበር፤ በልብ የሚሳቡ፣ በእግር የሚሽከረከሩ፣ በክንፍ የሚበሩ። ይህን ሳስተምር አንዲት ትንሽ ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «ዲያቆን፣ ወፍ ከውኃ ከተፈጠረ ታዲያ ዛሬም በውኃ ውስጥ የሚበር ወፍ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ጥያቄዋ መልካም ጥያቄ ነበርና። አዎን፣ አለች። በአየርም በውኃም ውስጥ በክንፏ የምትበር ወፍ አለች። የምትኖረውም እጅግ ብርድ በሆነ አገር፣ በምድራችን ሰሜናዊ ጫፍ ነው።

ዛሬ ስለዚህች ወፍ እንማራለን። ስንማርም አንድ ቃል በልባችሁ ያዙ፤ እርሱም «አደራ» የሚለው ቃል ነው። አደራ ማለት እንድንጠብቀው የተሰጠን፣ የእኛ ብቻ ያልሆነ ነገር ማለት ነው። ይህች ወፍ አደራዋን እንዴት እንደምትጠብቅ ተከታተሉ።

የወፊቱ አገር

በትምህርት ቤታችሁ የመሬትን ቅርጽ የሚያሳይ ሉል ካለ፣ የላይኛውን ጫፍ ተመልከቱ። ይህ ሰሜን ዋልታ ይባላል። በዙሪያው ያለው ባሕርና ምድር ደግሞ አርክቲክ ይባላል። ስሙ በግሪክ ቋንቋ ድብ ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ በሰሜን በኩል በሚታዩት «ድብ» በሚባሉት ከዋክብት ምክንያት የተሰጠ ስም ነው።

በዚያ አገር ብርዱ ከመበርታቱ የተነሣ ባሕሩ ራሱ ይረጋል። ሰው በላዩ ይሄዳል፤ ነጩ ድብም በላዩ ያድናል። የቀኑና የሌሊቱም ነገር እንደ እኛ አገር አይደለም። እኛ ዘንድ ዓመቱን በሙሉ ፀሐይ በየማለዳው ትወጣለች፤ በየምሽቱም ትጠልቃለች። ስቫልባርድ በሚባሉት የኖርዌይ ደሴቶች ግን ከሚያዝያ አጋማሽ ገደማ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ ፀሐይ ፈጽማ አትጠልቅም፤ እኩለ ሌሊት ላይ እንኳ ታበራለች። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ገደማ ደግሞ ፈጽማ አትወጣም።

በእነዚህ ደሴቶች ውስጥ አልከፍየሌት የሚባል ገደል አለ። ቁመቱ ወደ 100 ሜትር ይደርሳል፤ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ከባሕሩ ላይ ቆሟል። በበጋቸው ወራት ወደ 60,000 ጥንድ የሚሆኑ ወፎች በዚህ ገደል ላይ ይሰፍራሉ። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቆማሉ። የሁሉም ጩኸት ሲደመር እንደ ትልቅ ገበያ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። የእኛ ወፍ በዚህ ገደልና ይህን በመሳሰሉ በካናዳ፣ በግሪንላንድ፣ በሩሲያና በአላስካ ዳርቻ ባሉ ገደሎች ላይ ትገኛለች።

ስሟና መልኳ

ወፊቱ በእንግሊዝኛ ሙር ትባላለች። ሙር የሚባሉት ወፎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ይህችኛዋ ምንቃሯ ከሌላዋ ወፈር ስለሚል «ወፍራም ምንቃሯ ሙር» ተብላለች። ሊቃውንት የሚጠሩበት የሳይንስ ስሟ ኡሪያ ሎምቪያ ነው። እኛ በዚህ ትምህርት በአጭሩ ሙር እንበላት።

ክብደቷ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ጀርባዋና ራሷ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ ነው። በምንቃሯ ጠርዝ ላይ እንደ ክር የቀጠነች ነጭ መስመር አለች። እግሮቿ ከሆዷ በታች ሳይሆን ወደ ጅራቷ ተጠግተው ስለበቀሉ፣ ስትቆም እንደ ሰው ቀጥ ብላ ትቆማለች። በሥዕል ያያችሁትን ፔንግዊን ትመስላለች። ነገር ግን ፔንግዊን የሚኖረው በምድር ደቡባዊ ክፍል ነው፤ መብረርም አይችልም። ሙር ግን የሰሜን ወፍ ናት፤ ትበራለችም።

ለብርዱ የተሰጣት ልብስ

ልጆች፣ ጠዋት ፊታችሁን በቀዝቃዛ ውኃ ስትታጠቡ ምን ያህል እንደሚያንቀጠቅጣችሁ ታውቃላችሁ። እስቲ ሙር የምትኖርበትን ውኃ አስቡት። የባሕር ውኃ ጨው ስላለበት እንደ ምንጭ ውኃ በዜሮ ዲግሪ አይረጋም፤ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ እስኪጠጋ ድረስ ውኃ እንደሆነ ይቆያል። ሙር አብዛኛውን ዕድሜዋን የምታሳልፈው በእንዲህ ያለ ባሕር ላይ ነው። ወደ የብስ የምትወጣው ለመውለድ ብቻ ነው።

ታዲያ እንዴት አትሞትም? ፈጣሪዋ ልብስ አልብሷታል። ላባዎቿ እጅግ የተጠቀጠቁ ናቸው። ከውጭ ያሉት ጠንከር ያሉ ላባዎች እንደ ጣራ ክዳን ተደራርበው ውኃውን ይመልሳሉ። ከሥር ያሉት ለስላሳ ላባዎች ደግሞ አየር ይዘው ሙቀቷን ያቆዩላታል። ከጅራቷ ሥር ቅባት የሚያመነጭ እጢ አለ። በምንቃሯ ከዚያ ቅባት እየወሰደች ላባዋን ትቀባለች፤ ታስተካክላለችም። ይህን ሥራ አንድ ቀን አታስታጉልም። ላባዋ ከተበላሸ ብርዱ ወደ ገላዋ ይገባልና።

ሌላም አለ። በባሕሩ ላይ የሚጠጣ ጣፋጭ ውኃ አታገኝም። እኛ የባሕር ውኃ ብንጠጣ ጨዉ ይጎዳናል። ለእርሷ ግን ከዐይኖቿ በላይ ጨዉን ከደሟ ለይቶ የሚያወጣ እጢ ተሰጥቷታል። ጨዉም በምንቃሯ በኩል እየተንጠባጠበ ይወጣል።

በውኃ ውስጥ መብረር

አሁን ወደ ተማሪዋ ጥያቄ እንመለስ።

ሙር ምግቧ ዓሣና በባሕር ውስጥ የሚገኙ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። ከምትበላቸው ዓሦች አንዱ የዋልታ ኮድ የሚባለው ነው። ይህ ዓሣ በበረዶ ሥር ይኖራል። ደሙ ውስጥ እንዳይረጋ የሚጠብቀው ንጥረ ነገር አለ። ዓሣውም እንደ ወፊቱ ለአገሩ የሚስማማ ነገር ተሰጥቶታል ማለት ነው።

ሙር ዓሣውን ለመያዝ ትጠልቃለች። በውኃ ውስጥ በእግሯ አትቀዝፍም፤ ክንፎቿን ከፈት አድርጋ እያርገበገበች ትሄዳለች እንጂ። በእውነት በውኃ ውስጥ ትበራለች ማለት ይቻላል። ከ100 ሜትር በታች ትወርዳለች። እስከ 210 ሜትር የወረደችበት ጊዜ ተመዝግቧል። ይህ ሁለት የእግር ኳስ ሜዳ በቁመቱ ቢቀጣጠል የሚያክል ነው። እስከ አራት ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜም ሳትተነፍስ ትቆያለች። እናንተ እስቲ ትንፋሻችሁን ያዙና ቁጠሩ፤ ስንት ድረስ ትደርሳላችሁ?

ነገር ግን አንድ ክንፍ ለሁለት ሥራ ሲሆን ዋጋ ያስከፍላል። ለውኃ የሚመች ክንፍ አጭርና ጠንካራ መሆን አለበት፤ ለአየር የሚመች ክንፍ ረጅምና ሰፊ መሆን አለበት። የሙር ክንፍ አጭር ነው። ስለዚህ በአየር ላይ ስትበር ያለ ማቋረጥ በፍጥነት ማርገብገብ አለባት፤ እንደ አሞራ ክንፏን ዘርግታ መንሳፈፍ አይሆንላትም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ሙር ስትበር የምታወጣው ጉልበት አርፋ ስትቀመጥ ከምታወጣው 31 እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል። እስከዚያ ጊዜ ከተለኩት በራሪ ወፎች ሁሉ ይህን ያህል የሚደክም አልተገኘም።

እንግዲህ አስተውሉ። ይህች ወፍ ለልጇ ይዛ የምትመጣው በአንድ ጉዞ አንድ ዓሣ ብቻ ነው። ለዚያች አንዲት ዓሣ ይህን ሁሉ ትደክማለች። ጌታችን በተራራ ላይ ባስተማረ ጊዜ ወፎችን ምሳሌ አድርጎ ስለ ሰማያዊ አባታችን መግቦት ነግሮናል። መግቦቱ ግን ወፏ አፏን ከፍታ ተቀምጣ ትጠብቃለች ማለት አይደለም። እግዚአብሔር ዓሣውን ፈጠረላት፤ ክንፍም ሰጣት፤ እርሷም ትጠልቃለች። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ደብተሩን ሳይከፍት ፈተና የሚገባ ተማሪ ካለ፣ ከሙር ይማር።

ጎጆ የሌላት እንቁላል

አብዛኞቹ ወፎች ሣርና ጭራሮ ለቅመው ጎጆ ይሠራሉ። ሙር ግን ጎጆ የላትም። በገደሉ ወገብ ላይ ባለ ጠባብ የድንጋይ እርከን ላይ፣ ምንም ሳይነጠፍ፣ አንዲት እንቁላል ብቻ ትጥላለች። እርከኑ አንዳንድ ጊዜ ከእጃችሁ መዳፍ ብዙም የማይሰፋ ነው። ከታች ባሕሩ አለ።

እንቁላሏ ወደ 100 ግራም ትመዝናለች፤ ይህም የእናቲቱን ክብደት አንድ አሥረኛ ያህላል። መልኳ አንዳንዴ እንደ ሰማይ፣ አንዳንዴ አረንጓዴ፣ አንዳንዴም ነጭ ሆኖ በላዩ ላይ ጥቁርና ቡናማ ነጠብጣብና ሐረግ የመሰለ መስመር ይኖረዋል። ቅርጿ በአንድ በኩል ሾል፣ በሌላው በኩል ሰፋ ያለ ነው። ቀድሞ ሰዎች፣ «እንቁላሏ እንዲህ የሆነችው ስትነካ በአንድ ቦታ ላይ እንድትዞርና እንዳትወድቅ ነው» ይሉ ነበር። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ግን ሌላ ነገር አሳይተዋል። ይህ ቅርጽ ያላት እንቁላል ዘንበል ባለ ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ፣ ከድንጋዩ ጋር የምትነካካበት ስፍራ ስለሚበዛ ገና ከመነሻው ረግታ ትቀመጣለች።

እናትና አባት እንቁላሏን በእግራቸው ላይ አድርገው ሆዳቸውን ያለብሷታል። በሆዳቸው ላይ ላባ የሌለበት፣ ሙቀት የሚሰጥ ስፍራ አለ። በየተራ ይታቀፋሉ። አንደኛው ባሕር ሲወርድ ሌላው ይቀራል። ሁለቱም ትተዋት የሄዱ እንደሆነ፣ በዚያ የሚያንዣብቡት ትልልቅ ነጣቂ የባሕር ወፎች ወዲያው ይወስዷታል። ስለዚህ 32 ወይም 33 ቀን ያህል፣ በነፋስም በበረዶም፣ እንቁላሏ አንዲት ሰዓት እንኳ ያለ ጠባቂ አትቀርም።

ልጆች፣ አደራ ማለት ይህ ነው። እንቁላሏ ለራሷ ምንም ማድረግ አትችልም። አትጮኽም፤ አትሸሽም። ሕይወቷ በሙሉ በሚጠብቃት እግር ላይ ነው።

የዝላዩ ምሽት

ጫጩቷ ከተፈለፈለች በኋላ በእርከኑ ላይ የምትቆየው ሦስት ሳምንት ያህል ነው። ክብደቷ 200 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ከአባቷ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ክንፏ ገና ነው፤ መብረር አትችልም። ከዚህ በላይ ግን በገደሉ ላይ መቆየት አይጠቅማትም። ጫጩቷ እያደገች ስትሄድ በየጉዞው አንድ አንድ ዓሣ ከሩቅ ማመላለስ ለእናትና ለአባቷ ይከብዳል። ዓሣው ወዳለበት እርሷ ብትሄድ ይሻላል።

እንግዲህ አንድ ምሽት ጫጩቷ መቁነጥነጥ ትጀምራለች። ወደ እርከኑ ጠርዝ ትሄዳለች፤ ትመለሳለች። በቀጭን ድምፅ ትጣራለች። አባቷ አጠገቧ ሆኖ በጎርናና ድምፅ ይመልስላታል። እንደገና ወደ ጠርዙ ትሄዳለች። ወደ ታች ታያለች። ከዚያም ትዘላለች።

አባትየው ቆሞ አያያትም። ወዲያው ተከትሏት ከገደሉ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ አጠገቧ ሆኖ ነው የሚበረው። ትንንሽ ክንፎቿን እያርገበገበች ትወርድና ባሕሩ ላይ ታርፋለች። በዚያ ምሽት የሚዘሉት ጫጩቶች ብዙ ናቸው። ባሕሩ በጩኸት ይሞላል። በዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል ግን አባትና ልጅ አንዱ የሌላውን ድምፅ ለይተው ያውቃሉ። እየተጠራሩ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ጎን ለጎን ሆነው እየዋኙ ከዳርቻው ይርቃሉ። እናትየው በገደሉ ላይ ጥቂት ቀን ቆይታ ለሚመጣው ዓመት የሚሆነውን ስፍራዋን ትጠብቃለች።

አባትየው ከልጁ ጋር በባሕር ላይ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል። ዓሣ ይይዝላታል፤ መጥለቅንም ከእርሱ ጋር ሆና ትለምዳለች። በዚያው ወራት እርሱም ራሱ የክንፉ ላባ ረግፎ አዲስ እስኪበቅልለት ድረስ መብረር አይችልም። ሁለቱም የማይበሩ ሆነው በቀዝቃዛው ባሕር ላይ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በዋና ይጓዛሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የሚዘሉት ሁሉ አይደርሱም። ገደሉ ከባሕሩ ፈቀቅ ባለበት ስፍራ አንዳንዶቹ ጫጩቶች በየብስ ላይ ይወድቃሉ፤ ወደ ውኃው ሲሮጡም ቀበሮ ይይዛቸዋል። ይህን የሰማ ልጅ ሊያዝን ይችላል። ማዘኑ መልካም ልብ እንዳለው ያሳያል። ነገር ግን ቀበሮዋም በጉድጓዷ የሚጠብቋት ግልገሎች አሏት። በመዝሙረ ዳዊት 103ኛው መዝሙር ላይ የአንበሳ ግልገሎች እንኳ ምግባቸውን ከእግዚአብሔር እንደሚሹ ተነግሯል። ጫጩቶቹም ብዙ ሆነው በአንድ ሰሞን መዝለላቸው ለዚህ ይጠቅማቸዋል፤ ነጣቂዎቹ ጥቂቶቹን ሲይዙ ብዙዎቹ ያልፋሉ።

ሙቀት በመጣ ጊዜ

እስካሁን ያየነው ሁሉ ለብርድ የተዘጋጀ ነው። አሁን ግን በወፊቱ አገር አንድ ነገር ተለውጧል። አርክቲክ እየሞቀ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1979 ዓ.ም. ወዲህ የአርክቲክ ሙቀት የጨመረው ከመላው ዓለም አማካይ በአራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ዋናው ምክንያት ሰዎች ለመኪና፣ ለፋብሪካና ለኤሌክትሪክ ኃይል የሚያቃጥሉት የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ነው። ከዚያ የሚወጣው አየር ሙቀቱን በምድር ዙሪያ ያስቀረዋል።

በካናዳ ሰሜን፣ ሃድሰን በሚባለው ባሕረ ሰላጤ መግቢያ ላይ ኮትስ የሚባል ደሴት አለ። በዚያም የሙር ገደል አለ። አንቶኒ ጋስተን የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚህ ገደል ላይ ያሉትን ወፎች ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ ያዩትን አሳዛኝ ነገር ገለጹ። ነፋስ በሌለበት ሞቃት ቀን ቢምቢ ከረግረጉ በብዛት ይነሣል። ወፎቹ ላይ ሰፍሮም ደማቸውን ይመጣል። አንዳንዶቹ ወፎች ሲጨንቃቸው እንቁላላቸውን ጥለው ይበራሉ፤ እንቁላሉም የነጣቂዎች ይሆናል። አንዳንዶቹ ግን አልተነሡም። ባሕሩ ከሥራቸው ነበር፤ ቢዘሉ ይቀዘቅዙ ነበር። እነርሱ ግን እንቁላላቸውን እንደታቀፉ በዚያው ሞቱ።

ሙቀቱ ምን ያህል ቢሆን ነው ትሉ ይሆናል። በኋላ በዚሁ ደሴት በተደረገ ሌላ ጥናት፣ ሙር የሚታቀፍበት ቦታ 21 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲደርስ መጨነቅ እንደሚጀምር ታይቷል። 21 ዲግሪ ለአዲስ አበባ ልጅ ደስ የሚል ቀን ነው፤ ሜዳ ወጥቶ የሚጫወትበት። ለሙር ግን ያ ጥቅጥቅ ያለ ላባ፣ በብርድ ያዳናት ያው ልብስ፣ በፀሐይ ላይ ማምለጫ የሌለው ከባድ ጋቢ ይሆንባታል።

የዓሣውም ነገር ተለውጧል። በኮትስ ደሴት በረዶው ቀደም ብሎ መቅለጥ ሲጀምር፣ ወፎቹ ለልጆቻቸው የሚያመጡት የዋልታ ኮድ አነሰ፤ በምትኩ ሌላ ዓይነት ዓሣ ማምጣት ጀመሩ። ከመርከብ የሚፈስ ዘይትም ሌላ ጠላት ነው። ጥቂት ዘይት እንኳ ላባዋን ከነካት ላባው ይጣበቃል፤ ቀዝቃዛው ውኃ ገላዋን ያገኛታል። ሙር በዓለም ላይ ገና በሚሊዮን የምትቆጠር ወፍ ናት። በስቫልባርድ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1990ዎቹ ወዲህ ቁጥሯ እየቀነሰ መጥቷል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፦ ወፍ እንደ ሰው አስባና መርጣ አትሠራም። የምታደርገውን የምታደርገው ፈጣሪዋ በተፈጥሮዋ ባኖረላት ሥርዓት ነው። ስለዚህ ወፏን ስናደንቅ የምናመሰግነው የሠራትን ነው። ላባዋን ለብርዱ፣ ክንፏን ለውኃው፣ እንቁላሏን ለእርከኑ ያዘጋጀ እርሱ ነው።

ሁለተኛ፦ የጫጩቷ አባት ገደሉን አላስቀረላትም፤ ባሕሩንም አላሞቀላትም። ግን ብቻዋን አልላካትም። እናንተም በሕይወታችሁ የምትፈሩት ነገር ይመጣል። አዲስ ትምህርት ቤት መግባት ይሆናል፤ መታመም ይሆናል፤ ያጠፋችሁትን ለእናት ለአባታችሁ መናገር ይሆናል። ፍርሃቱ ላይቀር ይችላል። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ብቻችሁን አልተወቻችሁም። የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት አላችሁ፤ የንስሐ አባት አላችሁ፤ ከሁሉም በላይ እኛን ለማዳን ከሰማይ የወረደው ጌታችን ከእናንተ ጋር ነው። በጩኸት መካከል የአባቷን ድምፅ ለይታ እንደምታውቀው ጫጩት፣ እናንተም ድምፁን በጸሎትና በቃሉ ልመዱት።

ሦስተኛ፦ እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነው። ስለዚህ ፍጥረት ሁሉ በሰው እጅ ያለ አደራ ነው። ሙር እንቁላሏን በእግሯ ላይ እንደያዘች፣ እኛም ምድርን በእጃችን ይዘናል። ወፊቱ ሙቀቱን አላመጣችም፤ ሰው ነው ያመጣው። ወፊቱ እስከ ሞት ድረስ አደራዋን ስትጠብቅ፣ አእምሮ የተሰጠን እኛ የእኛን ብንጥል እንዴት ያሳፍራል!

«እኛ ልጆች ምን ማድረግ እንችላለን?» ትሉኝ ይሆናል። አርክቲክ ሩቅ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን አጸድ ያሉት ዛፎች ግን ቅርብ ናቸው። ቅርንጫፋቸውን አትስበሩ፤ የተተከለውን ችግኝ አጠጡ። ከዛፉም ላይ ጎጆ አለ። በጎጆው ውስጥ እንቁላል አለች፤ አጠገቧም የምትጠብቃት እናት አለች። ወንጭፍ በእጃችሁ ሲገባ፣ ድንጋዩን ከመወርወራችሁ በፊት ያቺን በገደል ላይ የምትታቀፍ ወፍ አስቧት። ያን ድንጋይ ወደ መሬት የጣለ ልጅ ከዛሬው ትምህርት ዋናውን ተምሯል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. እግዚአብሔር በዕለተ ሐሙስ ከውኃ የፈጠራቸው ሦስቱ ወገኖች እነማን ናቸው? ሙር የየትኛው ወገን ናት?
2. ሙር በቀዝቃዛ ባሕር እንድትኖር የረዷትን ሦስት ነገሮች ተናገሩ።
3. ሙር በአየር ላይ ስትበር ይህን ያህል የምትደክመው ለምንድን ነው?
4. የሙር እናትና አባት እንቁላላቸውን ብቻዋን የማይተዉት ለምንድን ነው?
5. ጫጩቷ መብረር ሳትችል ከገደሉ የምትዘለው ለምንድን ነው? ማን አብሯት ይወርዳል?
6. ለብርድ ያዳናት ላባ በሙቀት ጊዜ የሚጎዳት እንዴት ነው?

የቤት ሥራ፦ ለእናንተ በአደራ የተሰጠ አንድ ነገር አስቡ። ታናሽ ወንድም ወይም እኅት፣ አንድ በግ፣ አንድ ችግኝ ወይም የተዋሳችሁት መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሳምንት እንዴት እንደጠበቃችሁት ለሚመጣው እሑድ አምስት መስመር ጽፋችሁ ኑ።

የቃላት ፍቺ

መግቦት፦ እግዚአብሔር ፍጥረቱን የሚመግብበትና የሚጠብቅበት ቸርነቱ።
ሉል፦ እንደ ኳስ ድቡልቡል የሆነ ነገር፤ የመሬት አምሳያ።
ዋልታ፦ የምድር የላይኛውና የታችኛው ጫፍ።
እጢ፦ በገላ ውስጥ ቅባት፣ ጨው ወይም ሌላ ፈሳሽ የሚያመነጭ ትንሽ ክፍል።
አጸድ፦ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለ በዛፍ የተከበበ ቅጽር።

ልጆች፣ ለሚመጣው ሳምንት በሰላም ያገናኘን። ደኅና ሁኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።